ያለ ዕጣ የተሰጠ ቃል

«ይቺን ግን ለዕጣ አላቀርባትም» አለ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች መሪ ወንድም ሚልክያስ፣ አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ።

ሌሎቹ ስምንት ወረቀቶች ከባርኔጣው ወጥተው አልቀዋል። ሶፊ «ደስታ» ደርሷት ትስቃለች። አሮን «ራስን መግዛት» ስለደረሰው ጓደኞቹ ጀርባውን እየደበደቡ ሙድ ይይዙበታል፤ ባለፈው ሳምንት ሰርግ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ምግብ ያነሣው እሱ ነውና። በሚመጣው እሁድ ዘጠኝ ወጣቶች በጉባኤው ፊት ቆመው ስለ ዘጠኙ የመንፈስ ፍሬዎች ይናገራሉ። ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ተሰጥቶታል፤ የቃሉን ትርጉም፣ የት የት እንደምንጠቀምበትና አንድ ምሳሌ።

«ይህቺ ትዕግሥት ናት» አለ ሚልክያስ። «ለዚህች ዕጣ ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው። እኛ አንድ ምሳ ሲያልፈን ፊታችን የሚጠቁር ሰዎች ነን። ሦስተኛ ሳምንቷን በጾም የያዘች እህት ግን በመካከላችን አለች። ቦሼ፣ ነይ ተቀበዪ። ጌታ ይባርክሽ!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ቦሼ ቀስ ብላ ተነሣች። ቶሎ ከተነሣች ዓይኗ ላይ ጨለማ እንደሚመጣ ሰሞኑን ተምራለች። ወረቀቷን ይዛ ወደ ቦታዋ ስትመለስ የረድፉ ልጆች እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። ድሮ ቢሆን ዘርግተው ያደናቅፏት ነበር።

ጾም አልነበረም። እህል አልቆባት ነው።

ቦሼና ጽጌሬዳ ሶዶ ውስጥ በእትዬ እልፍነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ቦሼ ከሁምቦ ቆላ፣ ጽጌሬዳ ከቢጠና ነው የመጡት። እንደነሱ ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ልጆች ስንቃቸው ከቤት ይላካል፤ ከረጢት ውስጥ ታስሮ፣ ስም ተጽፎበት፣ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ። ምድጃቸው አንድ ስለሆነ ተራ አላቸው፤ አንድ ሳምንት ከቦሼ ከረጢት ይበስላል፣ አንድ ሳምንት ከጽጌሬዳ። የትም አልተጻፈም፤ ግን አንዷም ተራዋን አሳልፋ አታውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጽጌሬዳ ድስቱን አጥባ ስትገባ «ነገ ያንቺ ሳምንት ነው አይደል?» አለች። ቦሼ ከረጢቷን ከፈተች። ሥሩ ላይ ጥቂት ጣሳ የሚሆን በቆሎ ቀርቷል። ሁምቦ ላይ ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ የዘንድሮው በቆሎ ጉልበት ሳይደርስ ነው የደረቀው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ የነበረው ከረጢትም መምጣቱን ትቷል። «አልቆብኛል» ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔ ጾም ይዣለሁ። አንቺ ለብቻሽ አብስዪ።»

«ኧረ? እስከ መቼ?»

«እስኪመለስልኝ።»

ጽጌሬዳ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በእነሱ ዘንድ የሰው የጸሎት ርዕስ አይጠየቅም። ሰውየው ራሱ «ስለዚህ ነገር ጸልዩልኝ» ካላለ በቀር፣ ስለ ምን ትጾማለህ ማለት ኪሱን እንደ መፈተሽ ነው። ስለዚህ ውሸቷን የሚፈትሽባት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቦሼ በቀን አንድ ጊዜ ነው የምትበላው። አመሻሽ ላይ ጽጌሬዳ ለመዘምራን ልምምድ ስትወጣ እፍኝ በቆሎ ትቀቅልና አንድ አንድ ፍሬ እያነሣች ለረጅም ጊዜ ታኝካለች። የተቀቀለበትንም ውሃ አትደፋውም፤ ትጠጣዋለች።

ረሃቡን ገምታው ነበር። ያልገመተችው ሌላውን ነው። በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ሳምቡሳ ሊገዙ ሲወጡ «ቦሼን አትፈትኗት» እየተባባሉ ጥለዋት ይሄዳሉ። ስትቀላቀላቸው ሳቃቸውን ይቀንሳሉ። ጽጌሬዳ እንኳ ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሳህኗን በጉልበቷ ጋርዳ ነው። ሁሉም አክብሯታል፤ ሁሉም አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎላታል። ቦሼ በዚያች አንድ እርምጃ መሃል ለብቻዋ ቀርታለች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ገባች። ምሳ ለሌለው ሰው ጥሩ ቦታ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አግኝታ በደብተሯ ገለበጠች፦ «ትዕግሥት፤ ቻይነት፤ መከራን ሳያጉረመርሙ መቀበል፤ ሳይቸኩሉ መጠበቅ።» ከሥሩ መስመር አሰመረችና «አጠቃቀም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ጆሮዋ ቃሉን ማደን ጀመረ። የሂሳብ አስተማሪያቸው ጋሽ ጥጋቡ ደወሉ ተደውሎ «ትንሽ ታገሡኝ፣ ይቺን አንድ ጥያቄ ብቻ» ሲሉ ጻፈችው። እትዬ እልፍነሽ በአጥር ላይ ከጎረቤታቸው ጋር እያወሩ «ሃያ ሁለት ዓመት ታገሥኩት» አሉ። ስለ ሟች ባላቸው ይሁን ስለ ወገብ ሕመማቸው መለየት አልቻለችም፤ እሱንም ጻፈችው።

ክፍላቸው ስትደርስ ጽጌሬዳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ድስቱ ተደፍቷል። ምድጃው ውስጥ እሳት የለም።

«እኔም ይዣለሁ» አለች ጽጌሬዳ።

«ምን ይዘሽ?»

«ጾም ነዋ! ከዛሬ እስከ እሁድ። ውሃ ብቻ።»

«አንቺ እኮ ጨጓራ አለብሽ።»

«አታካብጂ አቦ። አንቺ ሦስት ሳምንት ችለሽ እኔ አንድ ሳምንት ያቅተኛል?»

ቦሼ ደብተሯን አስቀመጠች። ከዚያ የማይጠየቀውን ጠየቀች። «ስለ ምን ነው?»

ጽጌሬዳ አፈረች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው።

«ያንቺን ርዕስ ነው የያዝኩት» አለች። «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እንድትነግሪኝም አይደለም። ጌታ ያውቀዋል። ሰሞኑን ፊትሽን ሳየው... ከባድ ነገር መሰለኝ። ሁለት ሆነን ብንጸልይ ቶሎ ይመለሳል ብዬ ነው።»

ቦሼ አፏን ከፈተች። አሁን ልትነግራት ነው። ግን ከየት ትጀምር? ሦስት ሳምንት ሙሉ «ብርታት ይስጥሽ» ስትባል «አሜን» ብላለች። ስንት «አሜን» ነው አንድ በአንድ የሚመለሰው? ደብተሯን መልሳ አነሣች።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ መናኸሪያ ወረደች። የሁምቦው መኪና ረዳት ናኦል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገመድ ይፈታል።

«ቦሼ ጩማ!» አለ ከላይ ሲያያት። «ዛሬም ስምሽ አልተሳፈረም!»

ሰዎች ሳቁ። ቦሼም ሳቀች፤ መሳቅ ይቀላል።

ናኦል ወርዶ ስልኩን አወጣ። «አባትሽ ግን በሰው ስልክ ደውለው ነበር። ቆይ፣ ላገናኝሽ። ቶሎ ጨርሺ፣ ካርዴ ትንሽ ናት።»

የአባቷ ድምፅ እንደ ሁልጊዜው ሩቅ እንዳለ ሰው የሚጮህ ነበር። በወላይትኛ ነው የሚያወሩት። «እዚያ ዘነበ?» አለ መጀመሪያ።

ቦሼ ቀና ብላ ዳሞታን አየች። ተራራው እስከ ወገቡ በደመና ተሸፍኗል። የቆመችበት ጭቃ ነው። ጠዋት ሲዘንብ ነው ያረፈደው።

«አልዘነበም፣ አባ» አለች፤ ሰማዩ እሱን ብቻ የነፈገው እንዳይመስለው።

«እህህ። እህሉስ? ያ በቆሎ አላለቀም?»

«አለ።»

«ከብዶሽ ከሆነ ንገሪኝ። መጥቼ እወስድሻለሁ። ትምህርቱ ለከርሞ ይደርሳል።»

ታላቅ እህቷ ብርሃኔም ከሁለት ዓመት በፊት «ለከርሞ» ተብላ ነው ከትምህርት ቤት የወጣችው። አሁን ባል አግብታ ልጅ አዝላለች። ከርሞው እስካሁን አልደረሰላትም።

«አልከበደኝም» አለች ቦሼ።

«ጎሽ። ዳንዳያ፣ ልጄ» አለ አባቷ። ቻዪ ማለቱ ነው። በእነሱ ቤት ቃሉ ይሄ ነው፤ ለታመመ ከብትም፣ ለሚያለቅስ ሕፃንም፣ ለሰማዩም ይባላል።

ስልኩን ስትመልስ ናኦልን ጠየቀችው። «ትዕግሥት የሚለውን ቃል መቼ መቼ ነው የምትጠቀምበት?»

«እኔ?» ናኦል ጭንቅላቱን አከከ። «በቀን ሃምሳ ጊዜ! ‹ታገሡ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ ሞልቶ ሊሄድ ነው› እላለሁ። ሰባት ሰው ሲቀር ማለት ነው።» ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን አቆመ። «ምነው ከሳሽ አንቺ?»

«ጾም ይዤ ነው።»

«በርቺ እሺ» አለ፤ እሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጽጌሬዳ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ስለ ቦሼ ርዕስ ልትጸልይ። ቦሼ ቤት ገብታ የመጨረሻዋን እፍኝ በቆሎ ቆላች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የራሷን ጥርስ ድምፅ እንኳ አትሰማም። ስለ እሷ የምትራብ ልጅ እዚያ ተንበርክካለች፤ እሷ እዚህ በር ዘግታ ትበላለች። አፏ ውስጥ ያለውን ማኘክ አቆመች። ግን ዋጠችው፤ ሌላም ዘገነች።

ከዚያ ደብተሯን ከፍታ የሰበሰበቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች አነበበች። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ፤ «ታገሡኝ» የሚልና የሚታገሥ። ጋሽ ጥጋቡና ተማሪዎቹ። ናኦልና ተሳፋሪዎቹ። እትዬ እልፍነሽና ባላቸው፣ ባላቸው ከሆኑ። ማንም ሳያውቅ ለብቻው የሚታገሥ ሰው የሚገባበትን ዓረፍተ ነገር ልትሠራ ሞከረች። ጻፈች፣ ሰረዘች። ጻፈች፣ ሰረዘች። በመጨረሻ ወንድም ሚልክያስ ያለውን አስታውሳ «ቦሼ ታጋሽ ናት» ብላ ጻፈችና ቆየት ብላ አየችው። የሌላ ሰው ስም ይመስል ነበር።

ሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ነው። ቦሼ «አሞኛል» ብላ ዳር ተቀምጣለች። ጽጌሬዳ ግን «እችላለሁ» አለች።

«ሜዳውን ሁለት ዙር!» አለ የስፖርት አስተማሪው እስራኤል፣ ፊሽካውን እየነፋ።

ጽጌሬዳ የመጀመሪያውን ዙር ጨረሰች። በሁለተኛው መሃል ላይ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ከዚያ መራመድ ጀመረች፣ ከዚያ አንድ ሰው እንደጠራት ሁሉ ዞር አለችና ሳሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ጽጌ፣ ማራቶኑ አለቀ እንዴ?» ሲል አሮን ጮኸ።

ጽጌሬዳ በእጇ ተደግፋ አስታወከች። የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነበር። ቦሼ መድረሷን ሳታውቅ ደረሰች። የጽጌሬዳ ከንፈር ነጭ ሆኗል፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

«ምን በልታ ነው?» አለ አስተማሪው።

«ምንም» አለች ቦሼ። «ከሰኞ ጀምሮ ምንም።»

ባጃጅ ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዳት ነበር፤ ጽጌሬዳ «ቤቴ፣ ቤቴ» ብላ አስቸገረችው። ባጃጁ በራቸው ላይ ሲያወርዳቸው ተደጋግፈው ገቡ። ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም።

ቦሼ ፍራሹ ላይ አስተኛቻት፣ ውሃ አቀረበችላት። «ትንሽ ነገር ብዪ» አለች። «የቀረ ዱቄት አለሽ። አጥሚት ላፍላልሽ።»

«እስከ እሁድ ብያለሁ።»

«ጽጌ፣ ትሞቻለሽ እኮ።»

«ለጌታ ቃል ገብቻለሁ። ርዕስሽ እንዲመለስ።» ዓይኗን ጨፍና፣ ሆዷን በጉልበቷ አፍና ነው የምትናገረው። «አንቺም አላቋረጥሽም። እኔም አላቋርጥም።»

ቦሼ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልትናገር ነው። ከተናገረች አባቷ ጋር ይደርሳል፤ አባቷ ጋር ከደረሰ መጥቶ ይወስዳታል፤ ለከርሞ። ካልተናገረች ይቺ ልጅ አትበላም።

«ርዕስ የለኝም» አለች።

«እ?»

«የጸሎት ርዕስ የለኝም። ጾምም አልያዝኩም። እህል አልቆብኝ ነው።»

ጽጌሬዳ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች፣ ግድግዳውን ይዛ እስከ ጥጉ ሄደች፣ የቦሼን ከረጢት አንሥታ ገለበጠችው። ትንሽ አቧራና ሁለት የነቀዘ ፍሬ ወደቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ተራዬ ከደረሰ ጀምሮ።»

«ከዚያን ቀን?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ከዚያን ቀን?! እኔ እኮ እንዳልፈትንሽ ብዬ ግድግዳ እያየሁ ነው ስበላ የከረምኩት! እናቴ የላከችውን አይብ ስበላ ‹ቅመሺ› አላልኩሽም። ጾሟን አላስፈታትም ብዬ ነው ያላልኩሽ!»

«አውቃለሁ።»

«‹ብርታት ይስጥሽ› ብዬሽ እተኛ ነበር። ከተራበች ልጅ ጋር በአንድ ፍራሽ! ሳንኮራፋ ትሰሚኝ ነበር አይደል?»

«ጽጌ...»

«አንቺ ቻልሽ። ጎበዝ። ሁሉም አጨበጨበልሽ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? እንደዚህ አይነት ሰው ልሁን አልሁ?» እንባዋ መጣ፤ በቁጣ ጠረገችው። «እኔ ለአንቺ ምንሽ ነኝ? የቤት ኪራይ የምትጋሪኝ ሰው?»

ቦሼ እነዚህን ሳምንታት ሁሉ ስለ ራሷ ረሃብ ነው ያሰበችው፤ ስለ እፍኟ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ዝናቡ። ጽጌሬዳ ለብቻዋ ወደ ግድግዳ ዞራ መብላቷን እንደ ክብር ቆጥራዋለች። ብቸኝነት ነው ብላ አልቆጠረችውም።

«የምመልስልሽ የለኝም ብዬ ነው» አለች። «ተራዬን መሙላት ካልቻልኩ ካንቺ ልበላ አፈርኩ።»

«ማን መልሺ አለሽ!»

ውጭ እትዬ እልፍነሽ ዶሮ ያባርራሉ። ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ ድስቱን አነሣች።

«እኔ ልሥራ» አለች ቦሼ።

«ቁጭ በዪ!»

ቁጭ አለች። ጽጌሬዳ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ደጋግማ ሆዷን እየያዘች፣ ድስቱን እያጋጨች፣ ዱቄቱን በእጇ እየዘገነች ጨመረች። ስትዘግን አልለካችም። ጀርባዋን ሰጥታ እያማሰለች ጠየቀች፦ «እሁድስ?»

«ነገ ወንድም ሚልክያስ ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እንደሆነው። ቃሉን ለሌላ ሰው ይስጠው።»

«አባትሽስ?»

ቦሼ የተገለበጠውን ከረጢቷን ወደ ራሷ ሳበች። «ለአባቴም እነግረዋለሁ። ግን መጀመሪያ ‹አልወጣም› እለዋለሁ። እህሉን ከዚያ በኋላ ነው የምነግረው።»

ጽጌሬዳ አልዞረችም፤ ማማሰሏን ግን ትንሽ አዘገየችው።

ገንፎው ወፍራም ሆኖ ወጣ። ሁለት ሳህን አልነበረም፤ አንድ ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ። ጽጌሬዳ በመሃላቸው አስቀምጣው ማንኪያዋን ይዛ ጠበቀች። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ይወጣል። የቦሼ ሆድ ጮኸ፤ ሁለቱም ሰሙት፤ አንዳቸውም አልሳቁም።

ቦሼ እጇን ታጠበች። ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ አየችው፤ ከጽጌሬዳ ከረጢት የወጣ ነው፣ የምትተካው የላትም፣ ነገም አይኖራትም። ማንኪያዋን አነሣች። ከራሷ በኩል ቆረሰች፣ እፍ አለች፣ ጎረሰች።

«ጨው የለውም» አለች።

ጽጌሬዳ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ገና ቀይ ነበር።

«መደርደሪያው ላይ አለ። እግር የለሽም?»

ቦሼ ተነሥታ የጨውን ጣሳ አወረደች፤ ቆንጥራም በሳህኑ በሁለቱም በኩል ነሰነሰች።